ኖታው ወረደ፣ ኮርዱ ቀረ፦ በአምባሰል ዜማ ላይ ኮርድ ስለማስገባት

ጥያቄ፦ «የወጣቶች ባንድ አሠለጥናለሁ። ድምፃዊት፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ክራርና ማሲንቆ አሉን። አንድ የአምባሰል ዜማ ከሲ ተነሥቼ በኖታ መጻፊያው ሶፍትዌር በሙዝስኮር ጻፍኩና ከኖታው በላይ ኮርዶቹን አስገባሁ፤ አብዛኛው ሲ ማይነር ነው። ድምፃዊቷ ከፍ አለብኝ ስትል ዜማውን ሁለት ግማሽ ድምፅ አወረድኩት። ኖታው ወረደ፣ ኮርዱ ግን ባለበት ቀረ። ልምምድ ላይ ጆሮ የማይችለው ግጭት ተፈጠረ። ኮርዱ አብሮ እንዲወርድ ምን ላድርግ? ሶፍትዌሩ ትክክለኛውን ኮርድ በራሱ የሚያወጣበት መንገድስ የለም? ልጆቹ እንዲገባቸው ኮርዶቹን በአማርኛ ፊደል ብጽፋቸውስ?»

ምላሽ፦ ግጭቱ የመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ የሶፍትዌር ስሕተት ነው፣ ሌላው የሙዚቃ። የመጀመሪያውን ብቻ ቢያርሙ ጩኸቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ሲ ማይነር ዜማው ሳይወርድም ለዚህ ቅኝት፣ ለአምባሰል፣ ትክክለኛ ኮርድ አልነበረምና። ቅኝት ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች አደራደር ነው፤ ኮርድ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው፤ ግማሽ ድምፅ ደግሞ በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት ነው። እንደ ጥያቄዎ ሁሉ እኔም የድምፆቹን ስም በእንግሊዝኛው አጠራር እጽፋለሁ፤ ሲ ስል ዶን፣ ኤ ስል ላን ማለቴ ነው።

ከሶፍትዌሩ ልጀምር። ከኖታው በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነገሮች ለዓይን አንድ ይመስላሉ። አንዱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ቀስ ብሎ» ወይም «ድምፃዊት ትገባለች» ብለው እንደሚጽፉት ያለ። ሌላው የኮርድ ምልክት ነው። ተራው ጽሑፍ ለሶፍትዌሩ የፊደላት ሥዕል ነው፤ ምን እንደሚል አያውቅም፣ ሊያውቅም አይሞክርም። የኮርድ ምልክቱ ግን ሥር ድምፅ (ኮርዱ የሚሰየምበት)፣ ዓይነትና ቤዝ (ከሁሉም በታች የሚሰማው ድምፅ) አለው፤ ስለዚህ ዜማው ሲወርድ መውረድ ያውቃል። እርስዎ ያስገቡት የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ኮርድ ጠቅ ያድርጉና ከመስኮቱ ግርጌ ያለውን መስመር ያንብቡ፤ የመረጡት ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ እዚያ ተጽፎ ይታያል። የሚነግርዎ የኮርድ ምልክት ሳይሆን ጽሑፍ መሆኑን ከሆነ፣ እንደምገምተው፣ ችግሩ እሱ ነው።

የኮርድ ምልክት መሆኑን ካረጋገጡና አሁንም አልወርድ ካለ ደግሞ ዜማውን ያወረዱበትን መንገድ ይመልከቱ። ሁሉንም መርጦ በቀስት ቁልፍ ወደ ታች መጫን ኖታዎቹን ብቻ ይገፋል። የሚያስፈልግዎ «ቱልስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያለው «ትራንስፖዝ» ነው። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ኮርዶቹም አብረው እንዲሸጋገሩ የምትጠይቅ ትንሽ ምልክት ማድረጊያ አለች፤ እሷ ምልክት ተደርጎባት መሆኗን ያረጋግጡ።

ጽሑፍ ሆኖ የገባውን ወደ ኮርድ ምልክት ለመለወጥ ብዙ አይድከሙ። ማጥፋትና እንደገና መጻፍ ይፈጥናል። አንዱን ጽሑፍ በቀኝ ጠቅታ ከፍተው ተመሳሳዮቹን ሁሉ መምረጥና በአንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን «ቀስ ብሎ» የሚለውም እዚያው ውስጥ ስለሚመረጥ እንዳያጠፉት ይጠንቀቁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ኖታ ይምረጡና ኮንትሮልን ይዘው ኬን ይጫኑ፤ በአፕል ኮምፒውተር ከሆነ በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድን። ከኖታው በላይ ጠቋሚው ብልጭ ብልጭ ሲል የኮርዱን ስም ይጻፉ። ለሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ለማድረጊያው) የቁጥር ምልክቷን (#)፣ ለፍላት (ዝቅ ለማድረጊያው) ትንሿን የእንግሊዝኛ ቢ (b) ይጠቀሙ፤ ልዩ ምልክት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያስተካክለዋል። ስፔስ ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ኖታ ይሻገራል፣ ታብ ወደሚቀጥለው ባር (በቋሚ መስመር ወደተከፈለው የኖታ ክፍል) ይዘላል፣ ከነጥብ ሥር ሰረዝ ያለባት ሴሚኮለን ወደሚቀጥለው ምት ትወስድዎታለች። እጅ ከለመደ ሠላሳ ሁለት ባር ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ሴሚኮለንን በተለይ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዜማው በአንድ ረጅም ድምፅ ላይ ቆሞ ኮርዱ መሐል ላይ ሲለወጥ፣ ብዙዎች ረጅሙን ኖታ ለሁለት ይከፍሉና በቀስት ያያይዙታል። ኮርዱ የሚንጠለጠልበት ኖታ የግድ ያስፈልገዋል ብለው ስለሚያስቡ ነው። አያስፈልገውም፤ ኮርድ በምት ላይ ይቀመጣል። ኖታውን ከሰነጠቁት ድምፃዊቷ እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ቃል ያለ ይመስላታል። ዜማዎ በስድስት ስምንተኛ (6/8) ምት ከተጻፈ ደግሞ ኮርድ የሚገባው በመጀመሪያውና በአራተኛው ስምንተኛ ላይ ነው። ከየኖታው በላይ ኮርድ የደረደረ ገጽ ስመለከት ጸሐፊው ዜማውን እንጂ ምቱን እንዳላዳመጠ አውቃለሁ።

ሌላው ወጥመድ ኤም ነው። ትንሿ ኤም (m) ማይነር፣ ትልቋ ኤም (M) ሜጀር ናት። ከሥር ድምፁ ቀጥሎ ትንሿን ኤምና ሰባትን ሲጽፉ አንድ ኮርድ፣ ትልቋን ኤምና ሰባትን ሲጽፉ ፈጽሞ ሌላ ኮርድ ይሆናል። በችኮላ የተጻፈ ወረቀት ላይ ኪቦርድ ተጫዋቹ ተሳሳተ የሚባለው ብዙ ጊዜ ያነበበውን ተጫውቶ ነው።

ወደ አማርኛው ፊደል ልምጣ፤ መልሴ አይሆንም የሚል ነው፣ ሁለት ምክንያትም አለው። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ ሥር ድምፅ ብሎ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል፣ ወይም በቅንብሩ ከለወጡት ዶ ሬ ሚን፣ ያንኑም በላቲን የተጻፈውን ነው። በኮርዱ ሳጥን ውስጥ በፊደላችን ቢጽፉ ማተሙን ያትመዋል፤ ግን ተመልሶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል፣ ዜማው ሲወርድም አይወርድም። ሁለተኛው ምክንያት የራሳችን ነው። በፊደላችን «ሲ» ብለው ይጻፉና ለሁለት ልጆች ያሳዩ። በእንግሊዝኛው የተማረው ዶን ይጫወታል፤ በዶ ሬ ሚ የተማረው ደግሞ የመጨረሻዋን፣ ከላ በላይ ያለችውን ሲ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ድምፅ ብቻ ስላለ የሚሰማው ነገር ስሕተት ሳይሆን ያልተቃኘ መሣሪያ ይመስላል፣ ጥፋቱንም ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ግጥሙን በአማርኛ ይጻፉ፤ ኮርዱን በላቲን። ግጥሙን ሲጨርሱ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ እንዳይረሱ ብቻ፣ አለዚያ ከኖታው በላይ «ች» እና «ጭ» ሲወጣ ያገኙታል። ጀርመን አገር የተማረ ሙዚቀኛ ካለበት ባንድ ጋር የሚለዋወጡ ከሆነም ይጠንቀቁ፦ እዚያ ቢ የሚባለው እኛ ቢ ፍላት የምንለው ነው፣ የእኛ ቢ ደግሞ ኤች ይባላል። ሙዝስኮር ይህንንም አጻጻፍ በቅንብሩ ውስጥ ስለያዘ አንድ ሰው ሳያስበው ከቀየረው ወረቀቱ በሙሉ ይዛባል።

ሶፍትዌሩ ኮርዱን በራሱ ያውጣልኝ ላሉት፦ ሙዝስኮር የነጠላ ዜማ መስመር ሰጥተውት ኮርድ አይመርጥልዎትም። በአንድ ምት ላይ አብረው የተጻፉ ድምፆችን ተመልክተው ስም የሚሰጡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱ ግን የተጻፈን ነገር ስም ይጠራሉ እንጂ ለዜማዎ ሸኚ አያገኙለትም። የተገላቢጦሹ ግን አለ፤ ከኮርዱ ምልክት ተነሥቶ ድምፆቹን ማጫወትና በኖታ መዘርዘር ይችላል። ይህ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም የጻፉት ኮርድ ከዜማው ጋር መጋጨት አለመጋጨቱን ልምምድ ሳይጠብቁ በጆሮዎ ያረጋግጣሉ። በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ኮርድ ድምፅ ስለሌለው እርስዎ ቤትዎ ሆነው ሲያዳምጡ ዜማው ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ግጭቱ ልምምድ ላይ የፈነዳው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሲ የተነሣው አምባሰልዎ አምስት ድምፆች አሉት፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሲ ማይነር የሚሠራው ከሲ፣ ከኢ ፍላትና ከጂ ነው። ኢ ፍላት የት አለች? የለችም። ሜጀር እናድርገው ቢሉም ኢ የለችም። በአምባሰል መነሻው ድምፅ ላይ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሦስተኛ ድምፅ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ፣ ሁለቱም ኮርዶች ቅኝቱ ያልያዘውን ድምፅ ከውጭ ያስገባሉ። ልማዱ ከትዝታ የመጣ ይመስለኛል። ትዝታ ሜጀሩም ማይነሩም በመነሻው ላይ ሙሉ ኮርድ አለው፤ ባቲም እንዲሁ። ኪቦርድ ተጫዋች በእነሱ ያደገ እጁን ወደ አምባሰል ይዞት ይመጣል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ዜማው ሁለት ግማሽ ድምፅ ከወረደ በኋላ የሆነውን እንቁጠረው። ድምፆቹ ቢ ፍላት፣ ሲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍና ጂ ፍላት ሆኑ። ኪቦርዱ ግን አሁንም ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ ይመታል። ሲ ከሲ ፍላት ጋር፣ ጂ ከጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይፋጫሉ። ከሦስቱ የኮርድ ድምፆች ሁለቱ ከዜማው ጋር ተጣሉ ማለት ነው። ልጆቹን ተቆጥተው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቋቸው።

ሁለት ግማሽ ድምፅ ማውረዱን ራሱንም አልደግፈውም። አምባሰልን በወጉ ለመጻፍ የሚስማማው የቁልፍ ምልክት (በኖታው መስመር መጀመሪያ የሚቀመጡት ፍላቶች ወይም ሻርፖች) ከሲ ሲነሡ አራት ፍላት ነው፤ ሁለት ሲያወርዱት ስድስት ፍላት ይሆናል። ሲ ፍላት የምትባል ኖታ ወጣት ተጫዋች ፊት ማስቀመጥ ጭካኔ ነው። ሦስት ግማሽ ድምፅ ያውርዱትና ከኤ ይነሣ፤ አንድ ፍላት ብቻ ይኖረዋል፣ ድምፆቹም ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ይሆናሉ። በቤዝ ጊታርም ኤ፣ ዲና ኢ በክፍት ክር የሚገኙ ናቸው። ድምፃዊቷ በጣም ዝቅ አለብኝ ካለች አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ አውርደው ከቢ መነሣት ይቻላል፤ ለኪቦርዱ አንድ ሻርፕ ነው። አልቶ ሳክስፎን ግን በዚያ ጊዜ አራት ሻርፕ ይደርሰዋል። ከኤ ሲሆን የሚደርሰው ሁለት ሻርፕ ነው። እኔ ብሆን ድምፃዊቷን ከኤ ላይ አንድ ጊዜ አስሞክሬ ሳላያት ወደ ሌላ አልሄድም።

ከኤ በተነሣው አምባሰል ውስጥ ቅኝቱ ራሱ የሚሰጣቸው ኮርዶች ጥቂት ናቸው። ዲ ማይነር አለ፤ ዲ፣ ኤፍና ኤ። ቢ ፍላት ሜጀር አለ፤ ቢ ፍላት፣ ዲና ኤፍ፣ ኤን ከላይ ሲጨምሩበት ሜጀር ሰቨን ይሆናል። መነሻው ኤ ላይ ኤ ፋይቭ ይጻፉ፤ ኤ እና ኢ ብቻ ማለት ነው፣ ሦስተኛ የለውም። ትንሽ ሞላ እንዲል ከፈለጉ ኤ ሳስ ፎር፤ ዲ ስትጨመርበት ሁሉም ከቅኝቱ ውስጥ ነው። ዜማው ኤ ላይ ሲንከራተት ቤዙ ሳይንቀሳቀስ ከላይ ቀለም መለወጥ ሲያምርዎት ዲ ማይነርን በኤ ቤዝ ይጻፉ፤ በሶፍትዌሩ ዲ ማይነር ብለው አግድም ዘንበል ያለችውን መስመር ካስገቡ በኋላ ኤን መጨመር ነው (Dm/A)።

በስምንት ባር ላይ ብንሞክረው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባሮች ኤ ፋይቭ፣ ሦስተኛው ዲ ማይነር በኤ ቤዝ፣ አራተኛው ተመልሶ ኤ ፋይቭ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ዲ ማይነር፣ ሰባተኛው ቢ ፍላት፣ ስምንተኛው ኤ ሳስ ፎር። በስምንተኛው ባር መጀመሪያ ቤዙ ከቢ ፍላት ወደ ኤ በግማሽ ድምፅ ሲንሸራተት ያዳምጡት። አምባሰል ልብን የሚይዘው እዚያች ላይ ነው፤ ኤ ማይነር ተጭኖባት ቢሆን ትጠፋ ነበር ማለት አይደለም፣ ግን ሲ ድምፅ መሐል ገብታ ታደበዝዛታለች። የዜማውን አረፍተ ነገር እኔ አላየሁትምና ባሮቹን እንደ ዜማዎ ያዟዙሩ፤ ኮርዶቹን ግን ከእነዚህ አያብዙ።

ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ያለበት ኮርድ መጻፍ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር ሲያጋባ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያደረገው ግን የትኛዋ ድምፅ እንግዳ እንደሆነች እያወቀ ነው። ሳይታወቅ የገባች እንግዳ ድምፅና ተጋብዛ የገባች ለጆሮ አንድ አይደሉም። ልጆቹ መጀመሪያ የቅኝቱን ይያዙ፣ ሌላው ይደርሳል።

ክራሩና ማሲንቆው የኮርድ ምልክት አያስፈልጋቸውም። ኮርድ በእኩል የተከፋፈሉ አሥራ ሁለት ድምፆችን ታሳቢ ያደርጋል፤ ክራር ቃኚ ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው፣ የማሲንቆ ጣትም በክሩ ላይ ፍሬት (እንደ ጊታር የድምፅ መለያ መስመር) የለባትም። ለእነሱ የሚጠቅመው የቅኝቱ ስምና መነሻው ነው። ክራሩ ከኪቦርዱ ኤ ላይ ይቃኝ፤ ቀሪዎቹ ክሮች ላይ ጥቂት ልዩነት ቢኖር ኪቦርዱ በዲ ማይነር ሲቆይ ይሰማል፣ ስለዚህ ክራሩ ብቻውን በሚወጣበት ቦታ ኪቦርዱን ዝም ማስባል ይሻላል። ለዚህ ቦታ በኮርዱ ሳጥን ውስጥ N.C. ብሎ መጻፍ «ኮርድ የለም» ማለት ነው፤ ባዶ ከተዉት ተጫዋቹ ያለፈውን ኮርድ ይቀጥላል።

ለአልቶ ሳክስፎኑ የተለየ ጥንቃቄ አለ። መሣሪያው የሚያነበውና የሚሰማው ድምፅ አይገናኙም፤ እውነተኛው ኤ ለእሱ ኤፍ ሻርፕ ሆኖ ይጻፋል። ሶፍትዌሩ «ኮንሰርት ፒች» የሚላት ቁልፍ ስትበራ ሁሉም መሣሪያ እንደሚሰማው ይታያል፣ ስትጠፋ እያንዳንዱ እንደሚያነበው። ትክክለኛ የኮርድ ምልክቶች አብረው ይለወጣሉ፦ የኪቦርዱ ዲ ማይነር ለሳክስፎኑ ቢ ማይነር፣ ቢ ፍላቱ ጂ ይሆናል። እርስዎ ሲጽፉ አብርተው ይጻፉ፤ ለማተም ሲሄዱ ያጥፏት። አብርተው ካተሙ ሳክስፎኑ ሙሉ ዜማውን በሌላ ቁልፍ ይነፋል፣ ያኔም ጥፋቱ በኮርዱ ይሳበባል።

ሙዝስኮርን መለወጥ አለብኝ ወይ ብለው እንዳይጨነቁ። ነጻ ነው፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በሌላው የኖታ ሶፍትዌር በሲቤሊየስም ኮርድ የሚገባው በዚያው ኮንትሮልና ኬ ነው፤ በዶሪኮ በሺፍትና በኪው። ፊናሌ የተባለውን ሶፍትዌር የሠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ማሳደጉን ማቆሙን ስላስታወቀ አዲስ ሥራ በእሱ አይጀምሩ። የሌላ ሶፍትዌር ተጠቃሚ ጋር ሲለዋወጡ ፋይሉን በሙዚክ ኤክስ ኤም ኤል ይላኩ፤ የኮርድ ምልክቶች በእሱ ውስጥ ኮርድነታቸውን ይዘው ይሻገራሉ። ፒዲኤፍ ለማተም ብቻ ነው፣ ተቀባዩ ምንም ሊያሸጋግርበት አይችልም።

ስለዚህ በጽሑፍ የገባውን ኮርድ ያጥፉት፤ ዜማውን በትራንስፖዝ ሦስት ግማሽ ድምፅ አውርደው ከኤ ያስነሡት፤ ከዚያ በኮንትሮልና ኬ ኤ ፋይቭን፣ ዲ ማይነርንና ቢ ፍላትን ብቻ ይጻፉ፤ ኤ ሳስ ፎርን ለመደምደሚያ ያስቀሩት። በዚህ ቅደም ተከተል እንጂ በተቃራኒው አይሁን፤ መጀመሪያ በሲ ጽፈው ኋላ ማሸጋገር ቢቻልም፣ ልጆቹ በሚያነቡት ቁልፍ ላይ ሆነው ሲጽፉ የጻፉትን ወዲያው በኪቦርድ ይሞክሩታል። ከገጹ አናት ላይ «አምባሰል ከሲ» ብለው የጻፉትን ርዕስ ግን በእጅዎ «አምባሰል ከኤ» ብለው ይቀይሩት፤ እሱ ጽሑፍ ነውና ሶፍትዌሩ አይነካውም፣ ክራሩም የሚቃኘው እሱን አንብቦ ነው።